በቀን የማይታይ እሳት

ሰቆጣ ውስጥ አረቄ የሚያወጡ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ አረቄ የምትዳኝ ግን ጥሩሐረግ ብቻ ነበረች። አንዷ ያወጣችው ከሳሳባት፣ ሌላዋ የገዛችው ውሃ የገባበት ከመሰላት፣ በጠርሙስ ይዛ ወደ ጥሩሐረግ ትመጣለች። ጥሩሐረግም ጓዳዋ ገብታ ጥቂት በሸክላ ሳሕን ላይ ታፈስስና ክብሪት ትጭርበታለች። ሰማያዊ ሆኖ ረጋ ብሎ ከነደደ ደህና ነው፤ ተንጨርጭሮ ከጠፋ ውሃ በዝቶበታል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትዳኝ ኖራለች፤ ቃሏን የመለሰባት ሰው አልነበረም።

ምንዋጋው ታናሽ ወንድሟ ነው። በ1958 ዓ.ም. ካርታ ሊያነሱ የመጡ ሰዎች ዘበኛ አድርገው ቀጠሩት። ሰዎቹ በጋውን በየተራራው ሲወጡና ሲወርዱ ከርመው፣ ክረምቱ ሳይገባ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ከከተማው ዳር በተከራዩት ባለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ድንኳናቸውን፣ ባለ ሦስት እግር እንጨቶቻቸውንና አንድ ትልቅ በርሜል ትተው ሄዱ። ምንዋጋውም ከሚስቱ ከይመኙሻል ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ባለች ጎጆ እየኖረ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ስለ በርሜሉ ፈረንጁ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ከዚያ ሁሉ ንግግር አስተርጓሚው የነገረው፣ "አትንካው፣ እሳትም አታስጠጋው" የሚለውን ብቻ ነው። ምንዋጋው ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት መኪናዋ ተነሣች።

በርሜሉ ላይ የእሳትና የራስ ቅል ሥዕል ነበረበት፤ ቀለሙ ግማሹ ተልጧል። ምንዋጋው የራስ ቅሉን ሲያይ ትዝ ያለው በቤተ ክርስቲያን ከስቅለቱ ሥዕል ግርጌ የሚሣለው የአዳም ራስ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የማስፈራሪያ ሳይሆን የበረከት መሰለው። የእሳቱን ሥዕል ግን ከምንም ሊያገናኘው አልቻለም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የበርሜሉ ዝም አለማለት ነበር። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል በርሜሉ "ዷ!" ይላል። አመሻሽ ላይ ሲበርድ እንደገና "ዷ!" ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ምንዋጋው ሌባ የገባ መስሎት ዱላውን ይዞ ይሮጥ ነበር። ይመኙሻል፣ "የታሰረ ነገር አለበት፣ ጸበል ይረጭበት" አለችው። እሱ ግን አንድ ሳምንት ታግሦ ታግሦ ክዳኑን በጉጠት ፈታው። ከውስጡ "ፍስስ" የሚል ትንፋሽ ወጣ፤ ከትንፋሹም ጋር አረቄ አረቄ የሚል ሽታ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በጣሳ እየቀዳ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ ወደ እኅቱ መጣ። ጥሩሐረግ ደጅ ላይ ብቅል አስጥታ እያገላበጠች ነበር። ግንቦት ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

"እታለም፣ ይችን እይልኝ" አላት።

"ምንድን ናት?"

"እሱን እንድትነግሪኝ ነው እንጂ። የፈረንጆቹ አረቄ ይመስለኛል።"

"ከበርሜሉ ነው? አትንካው አላሉህም?"

"በርሜሉን መች ነካሁት? ክዳኑን ነው እንጂ።"

ጥሩሐረግ ሣቀች። ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተችው። አረቄ ይመስላል፤ ግን የጌሾም የብቅልም ሽታ የለበትም። ጣቷን ነከር አደረገችና ወደ ላይ ያዘችው። ጣቷ እንደ ውርጭ ቀዘቀዘ፤ ወዲያውም ደረቀ። እንዲህ ቶሎ የሚደርቅ አረቄ ገጥሟት አያውቅም። ወደ ጓዳ ለመግባት ስንፍና ያዛትና ሳሕኑን እዚያው በድንጋይ ካቡ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ጥቂት አፈሰሰችበት። ክብሪት ጫረች። የክብሪቱን እሳት ሳሕኑ ከንፈር ላይ አስነክታ እጇን ሰበሰበች።

ምንም የለም። ሰማያዊም የለም፣ ቢጫም የለም፣ ጭስም የለም። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

"ሞቷል" አለች ጥሩሐረግ። "ሽታው ብቻ ነው የቀረው። እነሱ ጠጥተው ጠጥተው ውሃ ሞልተውበት ይሆናል። ውሃ ነው።"

"ውሃ ነው?"

"ውሃ ነው አልኩህ እኮ።"

አረቄ አለመሆኑ ምንዋጋውን አሳዘነው፤ ክፉ ነገር አለመሆኑ ግን ደስ አሰኘው። ጠርሙሱን በኩታው ሸፍኖ ሄደ።

ከግቢው ከወጣ በኋላ ጥሩሐረግ ሳሕኑን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿን ንብ የነደፋት መሰላትና እየጮኸች ወደ ኋላ ሸሸች። እጇን አየችው፤ ንብ የለም። የቀሚሷ እጅጌ ጫፍ ግን ማንም ሳይነካው ቡናማ ሆነ፣ ጠቆረ፣ ከዚያም ድንገት በቢጫ ነበልባል ቦግ አለ። ክንዷን ደጅ በነበረው የውሃ እንስራ ውስጥ ከተተችው።

ተመልሳ ሳሕኑን ከሩቅ አየችው። ሳሕኑ ላይ ምንም የለም። ከላዩ ያለው አየር ብቻ፣ ቀትር ላይ በጋለ አለት ላይ እንደሚሆነው፣ ይርገበገባል። ከመጥረጊያዋ አንድ ሰበዝ መዘዘችና ጫፉን ቀስ አድርጋ አስጠጋችው። ከሳሕኑ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ባዶ አየር ላይ፣ ሰበዙ ተቀጣጠለ። ጎትታ አጠፋችው። ሁለተኛ ሰበዝ መዘዘች፤ ተቀጣጠለ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከዚያ ሳሕኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ አልቆ ሳሕኑ ደረቀ፤ አራተኛው ሰበዝ ምንም አልሆነም።

ጥሩሐረግ ካቡ ሥር ቁጭ አለች። ያየችውን ለማን እንደምትናገር ጨነቃት። እሳት ቢሆን ይታያል። ውሃ ቢሆን አያቃጥልም። አረቄ ቢሆን ሰማያዊ ይነድዳል። እጇ ላይ ግን ውሃ ቋጥሮ ያበጠ ቁስል አለ።

ነጠላዋን ደርባ ወደ ወንድሟ ቤት ሮጠች። ምንዋጋው አልነበረም፤ ይመኙሻል በግቢው ውስጥ በሦስት ጉልቻ ላይ ሽሮ ጥዳለች። ሁለቱ ሴቶች በአገውኛ ተነጋገሩ።

"ከጠርሙሱ እንዳይጠጣ ንገሪው" አለቻት ጥሩሐረግ።

"ውሃ ነው ብለሻል አለኝ እኮ።"

"ውሃ አይደለም።"

"ታዲያ አረቄ ነው?"

"አረቄም አይደለም።"

"ምንድን ነው ልበለው?"

"እኔ እንጃ። እሳት ነው። ግን የማይታይ እሳት ነው።"

ይመኙሻል የባሏን እኅት ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። የተቃጠለውን እጅጌዋን አየች። አንገቷን ነቀነቀች። ምንዋጋው ሲገባም የሰማችውን እንዳለ ነገረችው፤ "እኅትህ መጥታ ውሃም አይደለም አረቄም አይደለም፣ የማይታይ እሳት ነው ብላ ሄደች።" ምንዋጋው ጠርሙሱን ግማሽ አድርሶት ነበር። ሞቅ ብሎታል። "ራሷ ስትቀምስ ውላ ነዋ" ብሎ ሣቀና ተኛ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ይመኙሻል የጥሩሐረግን በር አንኳኳች። ነጠላዋን በድንጋጤ ያጣፋችው በግራ ነው፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቤቱ ውስጥ ጉም ገባ ይላል" አለች።

"ምን?"

"ምንዋጋው። ተነሥቶ፣ 'ጉሙ እስኪነሣ በሩን ዝጊው' አለኝ። ጉም የለም ብለው ተቆጣኝ። ሆዱን ይዞ ያስመልሰዋል። ሲተነፍስ የሮጠ ሰው ይመስላል።"

ጥሩሐረግ እንደደረሰች ወንድሟን በመደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኖቹ ደህና ናቸው፤ ጠራ ብለው ተከፍተዋል። ግን ከፊቱ ቆማ አላያትም።

"እታለም ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"የት ነሽ? ሁሉም ነጭ ነው። እንዴት ነው ሁሉም ነጭ የሆነው?"

ሁለቱ ሴቶች በግራና በቀኝ ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዱት። ጤና ጣቢያው አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ነው፤ ሐኪሙም አቶ ወርቅአገኘሁ የሚባሉ የአምደወርቅ ሰው ናቸው። ቅኔ ተምረው፣ ኋላ ደሴ ሄደው በድሬሰርነት፣ በሐኪም ረዳትነት፣ ሠልጥነው የተመለሱ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው። ከተማው ሁሉ ሐኪም ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን "ድሬሰር ነኝ" እያሉ ያርማሉ።

አቶ ወርቅአገኘሁ የምንዋጋውን ዓይን ገልጠው አዩ፣ ትንፋሹን አሸተቱ። "ምን ጠጣ?" አሉ።

ይመኙሻል ጥሩሐረግን አየቻት።

"ውሃ ነው ያልኩት ነገር ነው" አለች ጥሩሐረግ። ከዚያም የሳሕኑን፣ የእጅጌዋንና የሰበዞቹን ነገር ሁሉ ነገረቻቸው። ስትናገረው ለራሷም የእብድ ወሬ መሰላት። አቶ ወርቅአገኘሁ ግን አልሣቁም። "በርሜሉን አሳዩኝ" ብለው ተነሡ።

ምንዋጋውን ጤና ጣቢያው አስተኝተው ሲደርሱ ከግቢው በር ላይ ቆመው ቀሩ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። የይመኙሻል ጉልቻ ሥር ፍሙ ገና ቀይ ነው። ክዳኑ የተከፈተው በርሜል ደግሞ ከዚያ አሥር እርምጃ አይሆንም።

"በመጀመሪያ ያን እሳት አጥፊ" አሉ ቀስ ብለው፣ ልጅ የተኛበት ቤት እንደገባ ሰው። "በእንስራ ሙሉ ውሃ።"

"በርሜሉ እኮ ቤት ውስጥ ነው" አለች ይመኙሻል።

"የበርሜሉ ትንፋሽ ግን ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ይፈሳል። እሳት ያገኘ ዕለት በመጣበት መንገድ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይገባል።"

"የማይታይ ነገር ወዴት እንደሚፈስ በምን ይታወቃል?" አለች ጥሩሐረግ።

"አይታወቅም። ለዚህ እኮ ነው እሳቱን የምናጠፋው።"

ፍሙ ከጠፋ በኋላ ጥሩሐረግ ከይመኙሻል ጎጆ መጥረጊያ አንሥታ ፊት ፊት ሄደች። መጥረጊያውን እንደ መቋሚያ ወደፊት ዘርግታ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘች፣ አንድ እርምጃ ትራመዳለች፣ ትቆማለች። የማይታይ እሳት ካለ መጥረጊያው ቀድሟት ይቀጣጠላል። በአጥሩ ላይ አሻግረው የሚያዩ ጎረቤቶች ባዶ ግቢ ውስጥ አየር የምትጠርገዋን ሴትና፣ ባለ ብረት ጫማቸውን ብልጭታ እንዳያወጣ አውልቀው ባዶ እግራቸውን ከኋላ የሚከተሏትን ሐኪም አይተው አማተቡ። አንዲት ሴት፣ "ምን እየፈለጋችሁ ነው?" ብላ ጮኸች። ጥሩሐረግ ሌላ እርምጃ ተራመደች።

መጥረጊያው አልተቀጣጠለም። በሩንና መስኮቱን በርግደው ከፈቱና ነፋስ እስኪገባ ደጅ ቆዩ። ከዚያ አቶ ወርቅአገኘሁ ገብተው በበርሜሉ ላይ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ አነበቡ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ እንደገና ጀመሩ። ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

"ይህ ከእንጨት የሚወጣ አልኮል ነው" አሉ። "ድሮ ከእንጨት ነበር የሚያወጡት፤ አሁን በፋብሪካ ይሠሩታል። ለመብራትና ለምድጃ ማቀጣጠያ ነው። በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም፤ አስተማሪያችን ነግሮን ነበር። ሲጠጣ ደግሞ ዓይን ያጠፋል፤ ብሎም ይገድላል።"

"ሲነድ የማይታይ፣ ሲጠጣ የሚያሳውር፣ ሽታው ግን አረቄ?" አለች ጥሩሐረግ።

"አዎ።"

"ማነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ?"

አቶ ወርቅአገኘሁ ወደ ክዳኑ ዞሩ። በብረት ቢመቱት ብልጭታ እንዳይወጣ፣ በእጃቸው አጥብቀው ዘጉት። በርሜሉንም ሙቀት እንዳያገኘው በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑት። በሩ ላይ በከሰል "እሳትና ሲጋራ ክልክል" ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ማንበብ ለማይችል ሰው የሚነድ ክብሪት ሥለው ሁለት መስመር አቋርጠው ሠረዙበት።

መድኃኒቱን ግን አላስታወሱም። "ተምሬዋለሁ፤ ጠፋብኝ" እያሉ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሬዲዮውን የሚያነጋግረው ተስፋው የሚባል ፖሊስ ነበር። ወደ ደሴ ጠርቶ የሐኪሙን ጥያቄ አስተላለፈ። ሰዓት ከሩብ ጠበቁ። ከዚያ ከጩኸቱና ከፉጨቱ መሐል ድምፅ መጣ። ተስፋው እርሳሱን አንሥቶ መጻፍ ጀመረና አቆመ።

"ምን አሉ?" አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ።

"ሬዲዮው ተበላሽቷል መሰለኝ።"

"ምን አሉ?"

"አረቄ ስጡት አሉ።"

አቶ ወርቅአገኘሁ፣ "እንደገና ጠይቅ" አሉት። ጠየቀ። መልሱ ያው ነው። "ሰውየው ጠጥቶ ነው የታመመው በላቸው" አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ። ተስፋውም እንዲሁ አላቸው። ከደሴ በኩል ያለው ድምፅ ተቆጣ፤ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ተናገረ፤ "አ፣ ረ፣ ቄ። ንጹሕ። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት። ሁለት ቀን ስካሩ እንዳይበርድለት። የመጋገሪያ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት። ዓይኑን ከብርሃን ሸፍኑ።" ተስፋው የጻፈውን ወረቀት በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የእሱ እጅ እንደሌለበት እየነገራቸው ሰጣቸው።

ያን ጊዜ ነው አቶ ወርቅአገኘሁ ግንባራቸውን በመዳፋቸው የመቱት። "አዎ! አዎ! ልክ ናቸው" አሉ። ወደ ጤና ጣቢያው ሲመለሱ ለጥሩሐረግ ሊያስረዷት ሞከሩ። ሁለቱ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ሰውነት አረቄውን ያስቀድማል፤ ያኛው ተራ ሲጠብቅ ሳይመረዝ በሽንት ይወጣል። ጥሩሐረግ በጥሞና ሰማች።

"በአረቄ የሰከረን ሰው በአረቄ?" አለች።

"በአረቄ አይደለም የሰከረው።"

"በአረቄ አይደለም። እሺ። ግን የሚድነው በአረቄ ነው።"

"አዎ።"

"አልገባኝም።"

"እኔም ሁሉም አልገባኝም" አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ። "ግን ቶሎ አምጪ።"

ጥሩሐረግ ለፋሲካ ያወጣችው አንድ ገንቦ ነበራት። ጓዳ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ በጨለማው ጥቂት አፍስሳ ለኮሰችው። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። አላመነችም፤ እንደገና ለኮሰችው። ሦስተኛ ጊዜ ልትለኩስ ስትል ጊዜ እየሄደ እንደሆነ ትዝ አላትና ገንቦውን አዝላ ሮጠች።

ሁለት ቀን ሙሉ ምንዋጋው ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ፣ በእኅቱ እጅ፣ በየሰዓቱ በመለኪያ አረቄ ጠጣ። መጀመሪያ ራሱ እምቢ አለ፤ "ይኸው እኮ ነው የገደለኝ!" እያለ ጥርሱን ገጠመ። ጥሩሐረግ አፍንጫውን ይዛ አጠጣችው። ከዚያ ዘፈነ፣ አለቀሰ፣ የሞተች እናታቸውን ጠራ። የነፍስ አባቱ መምሬ ገብረ ኢየሱስ ሊጠይቁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። በሽተኛው ሰክሯል፤ እኅቱ ትቀዳለች፤ ሐኪሙ ሰዓት ይዘው፣ "አሁን ጨምሪለት" ይላሉ። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ማንን እንደሚያሳልሙ ሳያውቁ ቆዩና ሦስቱንም አሳልመው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን አረቄው ቆመ። ትንፋሹ ረግቶ ነበር። አቶ ወርቅአገኘሁ ጨርቁን ፈቱለት።

"ጉሙስ?" አሉት።

"ተገፍፏል። ግን መሐሉ አልተገፈፈም።"

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ በዳር በዳር ያለውን ያያል፣ ፊት ለፊት የሚመለከተው ነገር ግን ይጠፋበታል። ሰው ለማየት ፊቱን ወደ ጎን ማዞር አለበት። አቶ ወርቅአገኘሁ ይሻለው ይሆናል አሉ፤ ላይሻለውም ይችላል አሉ። ጥቅምት ላይ ካርታ አንሺዎቹ ሲመለሱ አስተርጓሚው በሩ ላይ የተጻፈውን አነበበላቸው። ፈረንጁ ብዙ ተናገረ፤ ብዙም አዘነ። በርሜሉን ጥላ ባለበት ለብቻው አስቀመጡት፤ ሌላ ዘበኛም ቀጠሩ። ምንዋጋው ከይመኙሻል ጋር ወደ ጽጽቃ፣ ወደ አማቶቹ አገር ሄዶ ፍየል ማርባት ጀመረ።

ከዓመት በኋላ ለመስቀል ከይመኙሻል ጋር ሰቆጣ መጣ። ጥሩሐረግ ምግብ አቀረበችለት፤ በልቶ ሲጨርስ ዓመት ሙሉ ይዛው የኖረችውን አወጣችው።

"ውሃ ነው ባልልህ አትጠጣም ነበር" አለችው።

"እታለም፣ ተይው።"

"አልተወውም። እኔ ነኝ ዓይንህን የወሰድኩት።"

ምንዋጋው እጁን ጠረገ። "ወደ አንቺ ከመምጣቴ በፊት ጠጥቼ ነበር" አለ። "ዋዜማውን፣ ክዳኑን የፈታሁ ዕለት። አንድ ጣሳ።"

"አንድ ጣሳ?"

"አንድ ሙሉ ጣሳ። ወደ አንቺ የመጣሁት ምን እንደጠጣሁ ልጠይቅሽ ነው።"

"ለምን ያኔ አልነገርከኝም?"

"አፈርኩ።"

ጥሩሐረግ ይመኙሻልን ለብቻዋ ጠየቀቻት። ይመኙሻል ያን ዕለት ሲጠጣ አላየሁም አለች፤ ግን ሙሉውን ቀን ከቤት አልነበርኩም አለች። ጥሩሐረግ ተመልሳ የወንድሟን ፊት አጠናች። እሱ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነበር። ወደ ጎን የዞረው እሷን ለማየት ይሁን ዓይኗን ለመሸሽ ማወቅ አልቻለችም።

"እሺ" አለች በመጨረሻ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልሂድ ብሎ ከይመኙሻል ጋር ተነሣ። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ጥሩሐረግ ክንዱን ይዛ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘችው።